ደረጃው ዝም ሲል

የሺመቤት እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አነሳች። ሰው እየመጣ ነበር። ክፍሏ በብረት ምሰሶዎች ላይ የቆመች ባለ ሳንቃ ወለል ናት። የውጪው የብረት ደረጃ በተረገጠ ቁጥር ንዝረቱ በሳንቃው አልፎ፣ በበርጩማዋ በኩል ወገቧ ድረስ ይመጣል። ይኼኛው እግር ከባድ ነው፤ መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። ሌላ ማን ሊሆን፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ጀማል ናቸው። ከኋላቸው ደግሞ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ እግር አለ። እሱን አላወቀችውም።

ማጅራት ገትር ጆሮዋን የወሰደባት በልጅነቷ ነው። አንደበቷን ግን ትቶላታልና እንደ ልቧ ታወራለች፤ የሰውን ንግግር ከከንፈሩ ታነባለች። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ያደረገችው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው። ዱንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ሽመና ቀይና ቢጫ መስመር እያጋጠመች ሱሪ ስትሰፋ ቆይታ ቀና ስትል፣ ከሲቀላ ሰፈር ቆርቆሮዎች ማዶ የአባያ ሐይቅ ቡናማ ውሃ ተኝቶ ይታያታል። ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል "ግቢ፣ ሸይማ!" ስትል፣ በሩ ላይ ገና ያልደረሰችው ደንበኛ ትደነግጣለች። ጠንቋይ ናት እያሉ ይስቁባታል። እሷ እቴ፣ አታስተባብልም፤ ደስ ይላታል።

ጋሽ ጀማል ገብተው ግድግዳውን ተደገፉ።

"ይኼ ደረጃ አንድ ቀን ይገድለኛል" አሉ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው። "በያጅ አምጥቻለሁ፤ ማቴዎስ ይባላል። ነፍሰ ጡር ደንበኞችሽ ፈርተው ከታች እየተመለሱብሽ ነው እኮ፣ የሺ!"

ማቴዎስ ፈገግ አለ። "አይወድቅም፣ እትዬ። ብረቱ ስለቀጠነ ነው የሚደንሰው። ከሥሩ ወፍራም የቱቦላሬ ብረት አስገብቼ፣ በሰያፍ ደግሞ በአንግል ብረት ስይዘው ዝሆን ቢወጣበትም ንቅንቅ አይልም።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ!"

ደረጃው ዝም አለ ማለት እንደገና ደነቆረች ማለት ነው።

"እንግዲያው ተዉት" አለች። "ማን እንደመጣ በምን አውቃለሁ?"

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ማቴዎስ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈና ትንሽ አሰበ።

"የታችኛዋን አንዷን ደረጃ ልተውልሽ?" አላት ቀና ብሎ። "ሳላስራት እንዳለች ትቆይ። ሰው ሲረግጣት ትነግርሻለች።"

እሺ ልትለው አፏን ከፈተች። ያኔ እናቷ ፋንታዬ ትዝ አለቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንደሯ ከላንቴ ሙዝ ይዛ ትመጣና ታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያችው በታችኛዋ ደረጃ ላይ እግሯን አሳርፋ ነበር። ብረቱ ሲርገበገብባት "ምድር ከዳችኝ!" ብላ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ ሞክራው አታውቅም። ልጇ ምን ዓይነት ቦታ ተቀምጣ እንጀራዋን እንደምታገኝ አይታ አታውቅም።

የሺመቤት ሐይቁን ረጅም ጊዜ አየችው።

"እሷንም እሰራት" አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ብየዳው ካለቀ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር የራሷ መኪና ብቻ ነው። ታች ባጃጆቹ ድምፅ በሌለው ዓለም ውስጥ ይሳባሉ፤ ማዶ የሙዝ ቅጠሎች ይወዛወዛሉ። የተቀመጠችበት በርጩማ ነፋስ በሌለበት ውሃ ላይ ያለ ጀልባ መሰላት። ቀስ ብላ እየተንሳፈፈች አባያ ላይ የደረሰች ይመስል፣ መርፌው ብቻ ወረድ ቀና ይላል።

ትከሻዋን እጅ ነካት።

ዘለለች። ስፌቱ ከቢጫው ወጥቶ ቀዩ ውስጥ ገባ። ዞር ብትል እናቷ ናት፤ ሙዙን ታቅፋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"አስደነገጥኩሽ?"

"በጣም!"

"በሩ ላይ ሆኜ ስጠራሽ፣ ስጠራሽ..." ፋንታዬ አፏን በእጇ ያዘችና መልሳ ለቀቀችው። "ውይ ልጄን! ደስታዬ አስረስቶኝ ነው።"

"ደረጃውስ፣ እማዬ?"

"የምን ደረጃ? መሬት ነው እንጂ!"

ፋንታዬ ሙዙን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሆነ ነገር እያለች ነው። ፊቷ ግን ወደ ሐይቁ ነውና ምን እንዳለች የሺመቤት አላወቀችም። ያ ከድንጋጤው ይልቅ አሳዘናት።

ተነሳችና የመኪናውን አንድ ጎን ጨበጠች።

"ያዢልኝ፣ እማዬ።"

ሁለቱ ተጋግዘው አዞሩት። አሁን የሺመቤት ስትሰፋ ፊቷ ወደ በሩ፣ ጀርባዋ ወደ ሐይቁ ሆነ። ሌላ በርጩማ ስባ በሩ አጠገብ አደረገችና እናቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አስቀመጠቻት።

"ከትከሻዬ በላይ ውሃው ይታይሻል?"

"አዎ፣ ጥርት ብሎ።"

"እንግዲያው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ" አለች የሺመቤት፣ ዓይኗን የእናቷ ከንፈር ላይ አድርጋ።