በዋንዛው ውስጥ የቀረው ሚስማር

እትዬ አመተ ሥላሴ ሳይሞቱ የሬሳ ሳጥናቸውን በዓይናቸው ሊያዩ ቆርጠዋል። ምክንያት አላቸው። የባላቸው ሳጥን በጥድፊያ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ተሠርቶ፣ መቃብር ሳይደርስ ክዳኑ ተጣሞ ተከፍቶ፣ ሟቹ ለቀስተኛውን በአንድ ዓይኑ እየቃኘ ነው የተቀበረው። «በቁሙም አጮልቆ የሚያይ ሰው ነበር» ይላሉ። «እኔ ግን ተከድኜ ነው የምሄደው።»

ስለዚህ በራቸው ላይ የቆመው ሽማግሌ ዋንዛ በነፋስ ሲወድቅ፣ ወፎቹ እንኳ ድንጋጤያቸው ሳይለቃቸው እትዬ ለየሺዋስ ደወሉለት። የሺዋስ ከይጁቤ ወጣ ብሎ በቆርቆሮ ጥላ ሥር በናፍጣ ሞተር የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ አለው። ግንዱን አስጎትቶ ሲያስመጣ ደስታ በደስታ ሆነ፤ ዋንዛ እንደ ባሕር ዛፍ ነገረኛ አይደለም፣ ጣውላው ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ላማ የሚሉት ባለ ጥርስ የብረት ቀበቶ አንድ ብቻ ቀርቶታል። እሱ ከተበጠሰ መሰንጠቂያው የዶሮ ማደሪያ ነው፤ ቤቱም ጦሙን ያድራል።

ዋንዛው ደግሞ የአገሩ ጥርስ ሁሉ የተቸነከረበት ዋንዛ ነው። ከሞቱ የቆዩት ደብተራ አማረ ጥርሱን የታመመ ሲመጣባቸው «ጣትህን መንጋጋህ ላይ አድርግ» ይሉና፣ አንዳች ነገር እያነበነቡ ግንዱ ላይ ሚስማር ይመታሉ።

«ለቀቀህ?»

«ኧረ አልለቀቀኝም!»

እንደገና ይመታሉ። ሕመሙ ለቆትም ይሁን መዶሻው ወደ ራሱ እንዳይዞር ፈርቶ፣ ሁሉም በመጨረሻ «ለቀቀኝ» ይላል። ሚስማሩ የተነቀለ ቀን ግን ሕመሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ተብሏል። የሺዋስ በዚህ ይስቃል። ጥርሱ ደህና የሆነ ሰው መቼም ደፋር ነው።

ቅርፊቱ ሚስማሮቹን ሁሉ ውጦ ስለደበቃቸው፣ የሺዋስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ዋንዛው ላይ ሚስማር ያለው መጥቶ ቦታውን ያሳየኝ» ብሎ ለመነ። ማን ይምጣ? ቄስ ገብረ ሚካኤል በየሳምንቱ «ደብተራ ቤት የሄደ ከእኔ መስቀል አይሳለም!» እያሉ አጥንት የሚሰብር ስብከት ይሰብካሉ። ሁሉም አፉን ያዘ። ጎረቤቱ ውበቱማ «እኔ ጥርሴን አሞኝ አያውቅም» አለ። ጥርስ ካለቀበት ስንት ዘመኑ!

በማግስቱ እትዬ ራሳቸው ዱላቸውን ይዘው መጡና ግንዱ አጠገብ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን በር ላይ ተቀምጠው ያላዩት የለም።

«ይቺ የውበቱ ናት። ሻሽ ጠምጥሞ ሲመጣ ሴት መስሎኝ ነበር።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!» አለ ውበቱ፣ ከሰው ጋር ተደባልቆ ከሚያይበት ከመሰንጠቂያው አጥር ማዶ።

«ጥርስህን እኔ አልበላሁትም፣ ራሱ ነው ያለቀው! ይሄኛው ታየች በሠርጓ ሰሞን ያስመታችው ነው። ይሄ ደግሞ የባሌ፤ ንቀለው፣ አሁን ምን ያመዋል?»

የሺዋስ በመጥረቢያ እየፈለፈለ በጉጠት ነቀለ። ሚስማር በነበረበት ሁሉ እንጨቱ ጠቁሯል። አንድ በተነቀለ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ጉንጩን ይይዛል።

«ሌላ የለም?»

«የለም» አሉ እትዬ። መልሳቸው ፈጠነ፤ ዓይናቸውም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሸሸ። የሺዋስ ልብ አላለም፣ ሞተሩን አስነሣ።

የመጀመሪያው ጣውላ ወጣ፣ ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ላይ መሰንጠቂያው ጮኸ፣ የእሳት ብልጭታ ተረጨ፣ ላማው ተበጥሶ እንደ እባብ ተወረወረ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ጭሱ ሲጠራ በጠቆረው እንጨት መሀል የተቆረጠ ሚስማር ያበራል።

የሺዋስ ግንዱ ላይ ቁጭ አለ። ዕንባው መጣ፤ አላፈረበትም። ቁራጩን ነቅሎ እትዬ ፊት ዘረጋው።

«እያወቁ ነው የገደሉኝ?»

«እያወቅሁ ነው» አሉ በሹክሹክታ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ላማው ሚስማሩን ይስተዋል ብዬ ነበር፣ ልጄ። በላማው እንደ ሣር ብትቆራርጠኝ ግን የማን እንደሆነ አልናገርም።»

የሞተሩን ዝምታ ሰምተው ቄስ ገብረ ሚካኤል ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱ። ሊያሳልሙት መስቀሉን ሲያነሡ በየሺዋስ መዳፍ ላይ ያለውን ሚስማር አዩ። መስቀሉ መንገዱን ሳተና ከነእጃቸው ግራ መንጋጋቸው ላይ ዐረፈ።

የሺዋስ ቄሱን አየ፣ እትዬን አየ። ቄሱ የእትዬ የነፍስ አባት ናቸው። ለአገር ሁሉ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። እትዬ ግን ማንንም እንደዚያ በልምምጥ ዓይን አይተው አያውቁም። የሺዋስ አፉን የሞላውን ስድብ ዋጠው፤ ሚስማሩንም ኪሱ ከተተው።

«ላማ የት ይገኛል፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ፣ ጉንጫቸውን እንደያዙ።

«ማርቆስ፣ አባ።»

በማግስቱ ቄሱ «ስብሰባ አለብኝ» ብለው በሚኒባስ ወረዱ። ሲመሽ ጋቢያቸው ሥር ክብ ነገር ደብቀው፣ አንድ ጉንጫቸው አብጦ ተመለሱ። ላማውን ሰጥተው «እግዚአብሔር ይባርክህ» ሲሉት ምርቃቱ በፉጨት ወጣ። በዚያው ማርቆስ መንጋጋቸውንና ጎረቤቱን ጥርስ አስነቅለው ነበር። የዚያ እሑድ ስብከት ስለ ጾም ነበር፤ አጭርም ነበር።

ሳጥኑ አልቆ እትዬ ገብተው ተጋደሙበት፤ ተመቻቸው። እስኪሞቱ ድረስ ጤፍ ሊያስቀምጡበት ወስነው ወጡ።

«ያ ቁራጭ ሚስማር የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ። አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ።»

«አይጠቅምህም። ክዳኑ ላይ ምታልኝ። እሳቸው የእኔን ኃጢአት ሁሉ ሰምተው አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔም የእሳቸውን ይዤ መቃብር ልግባ።»

የሺዋስ ትንሽ አመነታ፤ ጥሩ መሣሪያ ነበር። ከዚያ ሚስማሩን አውጥቶ ክዳኑ ላይ አቆመና መዶሻውን አነሣ። እትዬ ጣታቸውን መንጋጋቸው ላይ አደረጉ። አንዴ መታ።

«ለቀቀዎት?» አላቸው።

«ገና ነው፣ ምታ!» አሉት።