ኪራይ መጠየቅ ያቃታት ሀጀራ

ሀጀራ ያን ሰሞን ቁጭ ብድግ ስትል ሰነበተች። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ባለው ሱቋ ጨርቁን ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች፤ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት የሌላ ጨርቅ ዋጋ ትናገራለች። ነገሩ ወዲህ ነው። ሱቁም ከሱቁ ጀርባ ያሉት ክፍሎችም የእሷ አይደሉም። ጠቅላላውን የተከራየችው ፓርክላንድስ ሰፈር ከሚኖር አንድ ሕንዳዊ ነው፤ ክፍሎቹን ደግሞ እሷ መልሳ ታከራያለች። ሰውየው ወሩ ሲያልቅ ከተፍ ይላል፤ ገንዘቡ ከጎደለ ግቢውን ለሌላ እንደሚሰጠው ፊት ለፊት ነግሯታል። የጎደለው ደግሞ በሌላ በማንም አይደለም፣ በተከራይዋ በመምህር ዓለምሰገድ ነው።

መምህር ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ሂሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ታናሽ ወንድሙን ከቤት ወስደው ገደሉት፤ እሱንም እንደሚፈልጉት ሲሰማ በሞያሌ በኩል ሾልኮ ወጣ። ናይሮቢ መሃል ከተማ አንድ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሥራ አግኝቶ፣ ወር በገባ ቁጥር ኪራዩን በሁለት እጁ አድርጎ ሲሰጣት ኖሯል። እንዲህ ያለ ተከራይ ከየት ይገኛል! አሁን ግን ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ጭጭ። ሁለቱን ወር ሀጀራ ከሱቋ ገቢ ሞልታ ከፈለች፤ ለሦስተኛው ግን የላትም።

ጎረቤቷ ዘሀራ በኪራይ ነገር ለማንም ፊት የማትሰጥ፣ ብዙ ተከራይ ያየች ሴት ናት።

«ኪራይ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ ሰላምታ ያበዛል» አለቻት። «ቀጥሎ መብራት ሳያበራ ይገባል። ከዚያ ስታንኳኪ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። ያንቺው ሰው የቱ ላይ ደርሷል?»

«ሰላምታው ላይ» አለች ሀጀራ። ዋሸች። መብራት ማብራት ከተወ ቆይቷል።

«በይ ሳይብስበት ጠይቂው! እምቢ ካለ ቁልፉን ቀይሪ። ምን ያሳፍርሻል? ገንዘብሽን የተበላሽው አንቺ!»

ሀጀራ ግን ዘሀራ ያላየችውን አይታለች። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ክራባቱን አስሮ ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ ጫማው አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ማታቱ የሚሉትን ታክሲ የተሳፈረ ሰው ጫማ እንዲህ አይሆንም። ዜና ይሰማበት የነበረው ሬዲዮም ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። ሥራውን አጥቶ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይዞራል ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ምን ብልሃት ያስፈልጋል?

ታዲያ ጠይቂው እንጂ! ስንት ጊዜ ቆርጣ ተነሳች። በሩን ስታንኳኳ ይከፍትና ጎንበስ ይላል።

«እትዬ ሀጀራ፣ እንደምን አመሹ? ጤናዎት እንዴት ነው? ገበያውስ?»

ጉንጩ ገብቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ስትለማመደው የመጣችው ንግግር ብን ብሎ ይጠፋባታል።

«ደህና ነኝ መምህር፤ ውሃው ይመጣል ወይ ልልዎ ብዬ ነው።»

ቧንቧው ያለው ግቢው መሃል ነው፤ ውሃው መምጣት አለመምጣቱን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል! በራሷ እየተናደደች ትመለሳለች። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች፤ አንዴ ሕንዳዊው ይታያታል፣ አንዴ ያ የገባ ጉንጭ።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት። ክርስቲያን ነውና የእሷን ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ምስርና ሩዝ ሠርታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት። በማግስቱም እንዲሁ። ማታ ማታ ሳህን ማድረስ ልማድ ሆነ፤ ስለ ኪራይ ግን ትንፍሽ አላለችም። ደግ የሠራች መስሏት ነበር። አይ ሀጀራ! ኪራዩን ሳይከፍል ባከራየችው ሴት ሳህን የሚበላ ሰው ጉሮሮው እንደሚዘጋ እንዴት ጠፋት? ያ ሰው አንዴ ብትጮኽበት ይቀለው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በሯን ስትከፍት ሳህኖቿ ታጥበው ተደራርበው አገኘች፤ የክፍሉ ቁልፍ ከላያቸው ተቀምጧል። ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባት ቆማ ስታይ ዘሀራ ከበር ላይ ተጣራች።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተገላገልሽ! ሰውየሽን የሞያሌ ሎሪ ላይ ሲወጣ አየሁት። ወዴት ነው ብለው፣ ወደ አገሬ፣ የመጣው ይምጣ አለኝ። ክፍሉን ዛሬውኑ አከራዪው።»

«ያ ረቢ! ድንበሩን ሲረግጥ እኮ ነው የሚይዙት! የት እንዳለ ሲፈልጉት አይደል የኖሩት?»

«እና አንቺን ምን አገባሽ?»

ሀጀራ ሻርፏን በወጉ ሳትከናነብ፣ በቤት ጫማዋ፣ ሎሪዎቹ ወደሚጫኑበት ሜዳ ሮጠች።

ሎሪው ሞተሩን አስነስቷል። መምህር ዓለምሰገድ ከስኳር ጆንያው በላይ ሻንጣውን አቅፎ ተቀምጧል።

«መምህር! በአላህ ይውረዱ፣ እባክዎ!»

«እትዬ ሀጀራ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሰው ሸክም ሆኜ መኖር በቃኝ» አለና ፊቱን አዞረ።

ለመነችው፤ አልሰማትም። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጎማው ንቅንቅ አለ። ያን ጊዜ ሀጀራ ሦስት ወር ሙሉ የዋጠችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች። አንተ ብላው አታውቅም። «የሦስት ወር ኪራዬን በልተህ የት ልትሄድ ነው? አውርዱልኝ! ገንዘቤን ሳይከፍል ከናይሮቢ ንቅንቅ አይላትም!»

ሹፌሩ እንዲገባው በስዋሂሊ ደገመችው። ሹፌሩ ዕቃዋን የሚጭንላት ደንበኛዋ ስለሆነ ሞተሩን አጠፋ። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ጫኞቹ ሳቁ፤ አንዱ ሻንጣውን ቀምቶ ወደ መሬት ወረወረው። መምህር ዓለምሰገድ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ።

«አዋረዱኝ» አለ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!»

«አዎ አዋረድኩህ! ወላሂ ነገም አዋርድሃለሁ! እዚያ ማዶ ያሉት ግን ይገድሉሃል!»

ሎሪው ጥሏቸው ሄደ። ሀጀራ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን ንገረኝ» አለችው። «ኪራዬስ?»



«የለኝም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሥራም የለኝም፣ ገንዘብም የለኝም። ምንም የለኝም፣ እትዬ ሀጀራ።»

ይህን ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ ግን በሻርፏ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች።

«በል ሻንጣህን ያዝ። ለሕንዳዊው የሚከፈለው እንዳይጎድል የነበርክበትን ትልቁን ክፍል ዛሬ አከራየዋለሁ፤ አንተ ዕቃ የማስቀምጥበት ትንሹ ክፍል ትገባለህ። ሥራ ስታገኝ ትከፍለኛለህ። እስከዚያ ግን ወር በገባ ቁጥር መጥቼ ኪራዬን እጠይቅሃለሁ፤ አንተም ቀና ብለህ የለኝም ትለኛለህ።»