ሁለተኛው መስመር

ዶክተሯ የማዕረግ ማመልከቻዋን ገጾች በስቴፕለር እየመታች ሳለ ያጠናቻት ልጅ እናት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። የመጣችው የጥናቱ ውጤት እንዲታተም የፈቃድ ፎርም ልትፈርም ነው።

ዶክተሯ የባሕርይ ሥነ ልቦና ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል የቀራት አንድ ጥናት ነበር፤ እሱም ይኸው አለቀ። ጥናቱ አፏን ባልፈታች የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ነው። ልጅቷ በቀን አርባ ጊዜ የገዛ ጉንጯን በጥፊ ትመታ ነበር። ዶክተሯ ደስታዋ አላስችል ቢላት ግራፉን ለእናትየው ዘረጋችላት።

"ይቺ መስመር ሕክምናውን የጀመርንበት ሰኞ ናት። ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ ምቱ ቁልቁል ወረደ።"

እናትየው መስመሯን በጣቷ ነካቻት።

"ጥርሷን ካስነቀልኩ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ቅዳሜ ነበር።"

"የትኛውን ጥርስ?"

"መንጋጋዋን ነዋ፣ በምትመታው በኩል። በስብሶ አልቆ ነበር። ለካ እሱ ኖሯል ሲያሰቃያት የከረመው!"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"እናንተ የጠየቃችሁኝ ስንቴ መታች ብላችሁ ነው። ጥርሷንማ ማን ጠየቀኝ፣ ዶክተር?"

ፈርማ፣ አመስግና ወጣች። ዶክተሯ ግራፉን መልሳ አየችው። ከሕክምናው በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከረዳቶቿ ጋር የምት መቁጠሪያ ይዘው ልጅቷ ፊት ተቀምጠው ነበር። እሷ ሲያማት እነሱ ይቆጥሩ ነበር። አፈረች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ከእሷ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሌላ የሚያውቅ አለ?"

"እናትየው።"

"እሷ ደግሞ ግራፍ አታነብም። ስሚኝ፣ ማመልከቻ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘንድሮ ካመለጠሽ ሦስት ዓመት ትጠብቂያለሽ። ጥናቱን በኋላ ሌላ ልጅ ላይ ትደግሚዋለሽ፤ አሁን ዝም በይ።"

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ግራፉ እንደሆነ ያምራል፤ እንዲህ የሚያምር ግራፍ ሠርታ አታውቅም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የስቴፕለሩን ሽቦ በጥፍሯ ነቀለች። ከሰኞዋ መስመር በስተግራ ማስመሪያ አስደግፋ በእስክሪብቶ ሌላ መስመር አሰመረች፤ ከሥሩም ሁለት ቃል ጻፈች። ገጾቹን መልሳ መትታ የክፍሉን ማኅተም ለማስደረግ ወደ ኃላፊው ሄደች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ኃላፊው፣ አዲሱን መስመር እያዩ።

"ጥርሷ ነው።"

"እንዲህ ሆኖ እንደማያልፍ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ" አለች። "ማኅተሙን ያድርጉበት።"