የላስሚ ድንኳንና የሳርፓን መርከብ

ሳርፓን በአንድ ጠዋት ሁለት ሴት ልጅ ሊድር ነው እየተባለ ሱራባያ ወደብ ላይ መቀለጃ ከሆነ ሰንብቷል። አንደኛዋ ዌኒንግ ናት፣ የአብራኩ ክፋይ፣ ብቸኛ ልጁ። ሁለተኛዋ መርከብ ናት። እንዲያው ዝም ብላ መርከብ እንዳትመስላችሁ፤ ታንኩንም ወታደሩንም ሆዷ ውስጥ ይዛ፣ ወደብ የሌለበት ደሴት ዳር ስትደርስ ከሆዷ ጀልባ እያወጣች የምታራግፍ የባሕር ኃይል መርከብ ናት። ታላላቅ እህቶቿን የሠሩልን ባዕዳን ነበሩ። ይቺ ግን ንድፏም፣ ብረቷም፣ እሷን ሲሠሩ የተሰደበው ስድብም የአገር ውስጥ ነው። ከስድቡ አብዛኛው ደግሞ የበያጆቹ አለቃ የሳርፓን ነው።

ቀኑን ማዛወር አይቻልም። መርከቧ ወደ ውሃ የምትንሸራተተው ባሕሩ ጢም ብሎ በሚሞላበት ጠዋት ነው፤ ባሕርን ደግሞ ቀጠሮ ቀይርልን አይሉትም። የሠርጉን ቀን የቆረጡት የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሙሽራውንና የሙሽራይቱን የልደት ቀን ደምረው፣ ቀንሰው፣ ጣታቸው ላይ ቆጥረው፣ "ይሄ ካለፈ ሌላ መልካም ቀን የሚገኘው ከጾሙ ወዲያ ነው" ብለዋል። ቃዲውም ሌላ ቦታ የሚያስሩት ኒካህ ስላለ ረፋዱ ካለፈ አይጠብቁም። የሙሽራው እናት ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። "ቀኑ ከፈረሰ ጋብቻውም ፈረሰ ማለት ነው" ብለው ለዘመድ አዝማድ አስወርተዋል። ዌኒንግ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

ወሩ ደግሞ የዝናብ ወር ነው።

የመርከብ ፋብሪካው የበዓል ኮሚቴ ሥራ ሲከፋፈል ለአንዱ ምግብ፣ ለአንዱ ወንበር፣ ለሳርፓን ዝናቡ ደረሰው። ሰው ሁሉ ምባህ፣ አያቴ፣ የሚላቸው ዝናብ አባራሪው ሱሮ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ሳርፓን ሲሄድ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው የቅርንፉድ ሲጋራቸውን ያቦናሉ።

"ምባህ፣ አደራ። ፋብሪካው ላይ ጠብ እንዳትል።"

"ጠብ አትልም። ግን ዝናብ እኮ አይገደልም ልጄ፣ ፈቀቅ ነው የሚደረገው። የት ልጣለው?"

"እኔ ምን ቸገረኝ! ከመርከቧ ላይ ይነሳልኝ እንጂ የፈለጉት ቦታ ይጣሉት።"

ሽማግሌው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ሲጋራውን ጎረሱበት።

በቀኑ ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ፀሐዩ ልብ ያጠፋል። ምባህ ሱሮ የሚጥሚጣ ፍሬና ሽንኩርት የሰኩባቸውን የዝናብ መከልከያ እንጨቶች ግቢው ዙሪያ ተክለዋል። ባንዲራው ተሰቅሏል፣ የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ተቀምጠዋል። መርከቧ ግራጫዋን ለብሳ ወደ ውሃው ተንደርድራ የምትወርድበት ተዳፋት ላይ ቆማለች። ሳርፓን ስትወርድ አይቶ፣ ወዲያው በመንገዱ ሮጦ ልጁን ሊድር ነው ሐሳቡ። ሰፈሩ ከፋብሪካው አጥር ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ የሠርጉ ድንኳን ባሕሩ ዳር ሲያበራ ከዚህ ይታያል። እዚያም ፀሐይ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ላስሚ ነበረች።

"የዌኒንግ አባት! ሙሽራህ የት አባቱ ነው ያለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልመጣም?"

"በምን ይምጣ? መንገዱ ባሕር ሆኗል!"

ሳርፓን ወደ በሩ ሮጦ ወጣ። እውነትም በፋብሪካውና በሰፈሩ መሀል፣ ያቺ የባቡር ድልድይ ሥር የምታልፈው ዝቅ ያለች መንገድ ላይ ብቻ ጥቁር ደመና ተደፍቶባት ያለ ምሕረት ይወርዳል። ውሃው የሰው ደረት ደርሷል። ሙሽራው ታምሪን በወርቅ ጥለት ያጌጠ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከእናቱና ከቃዲው ጋር መሻገሪያ አጥቶ የፋብሪካው በር ላይ ቆሟል። ቃዲው ሰዓታቸውን ያያሉ። እናትየው ማንንም አያዩም።

"ምባህ! ምን ጉድ ሠሩኝ?" አለ ሳርፓን፣ በሩ ጋ ሲጋራቸውን ወደሚያቦኑት ሽማግሌ ዞሮ።

"ምን ሠራሁ? አንተ ከመርከቧ ላይ አንሱልኝ አልክ። ሚስትህ መጥታ ከድንኳኑ ላይ አንሱልኝ አለች። የት ልጣለው ስል ሁለታችሁም የፈለጉት ቦታ አላችሁ። የቀረው እሱ መንገድ ነበር።"

"ታዲያ ላስሚም እንደመጣች አይነግሩኝም?"

"እኔ ባልና ሚስት መሀል አልገባም" አሉ ምባህ ሱሮ፣ ኮስተር ብለው።

ያን ጊዜ ነው ሳርፓን ጀልባዋን ያየው። የመርከቧ ሆድ ውስጥ ከሚገቡት ወታደር አውራጅ ጀልባዎች አንዷ፣ ፊቷ እንደ በር ወደፊት የሚዘረጋው፣ ለእንግዶች ትታይ ተብሎ ወደቡ ላይ ታስራለች። ነጂዋ ሳጅን ላቱማ የሚባል፣ ከአምቦን ደሴት የመጣ ሰው ነው።

"እንዲያዩዋት ነው እንጂ እንድትሄድ አልታዘዝኩም" አለ ሳጅኑ።

ሳርፓን በሕይወቱ ሹም አናግሮ አያውቅም። ሄዶ ከክብር እንግዶቹ መሀል የባሕር ኃይሉ ኮሎኔል ፊት ተገተረና ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ኮሎኔሉ ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ታንክ ጭነን ሞክረናታል፤ በሙሽራ ግን አልሞከርናትም። ውሰዳት! ግን አሁኑኑ ነው። መርከቧ ከወረደች በኋላ ጎታች ጀልባዎቹ ወደቡን ስለሚሞሉት እስከ ቀትር መውጫ የለም።"

"አሁኑኑ?"

"አሁኑኑ። ሙሽሪትን የምትድረው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ሳርፓን ዞር ብሎ መርከቧን አየ። በእያንዳንዱ የብረቷ መገጣጠሚያ ላይ ላቡ አለ። ስትወርድ ማየት እንደ ልጅ አምሮት ነበር፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ ሌሊት ሌሊት በሕልሙ ስንት ጊዜ አውርዷታል። ከዚያ የዌኒንግ ያልተነካ የምግብ ሳህን ትዝ አለውና "ግቡ!" ብሎ ጮኸ።

ገቡ። የጀልባዋ ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ከላይ ከሰማይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሙሽራው አስተማሪ ነው፤ ውሃ የሚያውቀው በብርጭቆ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የሳርፓን አንገት ላይ በሁለት እጁ ተጠመጠመ።

"ፓክ፣ አባቴ፣ እንዳይለቁኝ!"

"ኧረ አንተ ነህ የያዝከኝ! ትንሽ ላላ አድርግ፣ ልተንፍስበት።"

ድንኳኑ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ደለል። ሳጅኑ ወደፊት ነዳ፣ ወደኋላ ነዳ፤ ከጭቃ በቀር የተነሳ ነገር የለም።

ከዳር የላስሚ ድምፅ መጣ። "ይሄ ነው እንግዲህ የአገር ውስጥ ሥራ?"

"ደለሉ ነው! ጀልባዋ ምን አጠፋች?" አለ ሳርፓን ከግድግዳው ውስጥ ሆኖ።

"እንግዲህ እኔ መሄዴ ነው" አሉ ቃዲው።

"በምን ይሄዳሉ?" አለ ሳጅኑ።

የሙሽራው እናት "ብዬ ነበር" አሉ፣ ለራሳቸው። "ብዬ ነበር እኮ።"

ያን ጊዜ የፋብሪካው ጥሩምባ ተነፋ። ሳርፓን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ሊወጣ ተንጠራራ፤ ታምሪን አንገቱን አልለቅ አለው። "ልቀቀኝ ልጄ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ልይ!" ታምሪን ዓይኑን ጨፍኖ ቁርዓን እየቀራ ነው። ከሩቅ ብረት አጓራ፣ ሰው ጮኸ፣ ጭብጨባው ደረሰ። አለቀ። ሳርፓን ያየው የሙሽራውን ቆብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሳጅኑ "ያዙ!" አለ።

ያን የሚያህል ብረት ባሕር ውስጥ ሲገባ ባሕሩ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ማዕበሉ ጀልባዋን ከሥሯ አንስቶ፣ ከደለሉ ላይ ብድግ አድርጎ፣ ተሸክሟት ሄዶ የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጎለታት። በሩ ወደፊት ተዘረጋ። ውሃው ከሁሉም ቀድሞ ገባ፤ ወንበር አንሳፈፈ፣ ቢጫውን የሩዝ ቁልል ከነትሪው ይዞ ዞረ። ላስሚ ጭልፋዋን እንደያዘች እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ቀረች።

"ሰማዩን ይዘንልህ" አለች ባሏን፣ "አንተ ባሕሩን ይዘህብን ትመጣለህ?"

ሁሉም የሙሽራውን እናት አዩ። ሴትየዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጀልባዋን ገላመጧትና ቃዲውን "ምን ይጠብቃሉ? ቶሎ ኒካሁን ይሰሩት!" አሏቸው። "እኔ በዚህች ነገር ተመልሼ አልሄድም።"

ሳርፓን ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ ልጁን ዳረ። ታምሪን ሳይንተባተብ "ተቀብያለሁ" አለ፤ ምስክሮቹም "ሆኗል" አሉ። ዌኒንግ ከመጋረጃው ጀርባ ስትስቅ ተሰማች፤ ወዲያውም የሚበላ ነገር ጠየቀች።

እንግዳው ሲቀንስ ሳርፓን ድንኳኑ ዳር የተገለበጠ ወንበር አቅንቶ ተቀመጠ። ላስሚ የቀሚሷን ጫፍ እየጨመቀች መጣች።

"ቆንጆ ነበረች" አለችው።

"ዌኒንግ?"

"እሷንማ አይተሃታል። መርከብህን ነው የምልህ። እኔ እዚህ ፊት ለፊት ቆሜ አየኋት።"

ሳርፓን ቀና አለ። "እስኪ ንገሪኝ።"

"ምኑን እነግርሃለሁ፣ እኔ የመርከብ ነገር አላውቅ። መጀመሪያ የምትሄድም አልመሰለኝም። ከዚያ ንቅንቅ አለች፤ ከዚያ ማን ይያዛት! ውሃው ጋ ስትደርስ አጎንብሳ ገባችና ቀስ ብላ ቀና አለች። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔም በጭልፋዬ ድስቱን መታሁልህ።"

"አላዘመመችም?"

"ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው።"

ሳርፓን ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ሄደውበታል፤ አልቅስ አልቅስ አለው፣ ደስም አለው።

"በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" አላት።

ላስሚ የቀሚሷን ጫፍ ለቀቀችና አጠገቡ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችለት።