አፍ የሌላቸው አርባ አንድ ፊቶች

ማስረሻ አሻንጉሊቶቹን መፍራት የጀመረው በገዛ እናቱ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊትማ እንዲህ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ዐሥራ አምስት ዓመት የስልክ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው ቢፈራ የሚፈራው እሳት ነው እንጂ፣ አንድ ስንዝር ያልሞላ ፕላስቲክ አይደለም።

አሻንጉሊቶቹ አርባ አንድ ናቸው። ከቻይናዋ ጓንዡ ዕቃ የሚያስመጡ ወዳጆቹ ከቻርጀር ካርቶን መሃል እየወሸቁ ያመጡለት ናቸው፤ ሁሉም ፊት ለፊቱ የላስቲክ መስኮት ባለው ካርቶን ታሽገዋል። ጭንቅላታቸው ከገላቸው ሦስት እጥፍ ይተልቃል። ዐይናቸው ሁለት ጥቁር ቁልፍ ነው። አፍ የላቸውም። ኳስ ተጫዋቹም፣ ንጉሡም፣ ጠፈርተኛውም፣ ሙሽራዋም ያው አንድ ፊት ናቸው። ማስረሻ "ባለጭንቅላቶቹ" ይላቸዋል፤ ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በሠራለት የብረት መደርደሪያ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደርድሯቸዋል። ሚስቱ ፋናዬ "የሰው ባል ሲጨንቀው ይጠጣል፣ የኔው ጭንቅላት ይገዛል" እያለች ትስቅበታለች።

እናቱ እትዬ በለጥሻቸው ከፋሲካ በኋላ ከጎጃም መጡ። በመጡ ማግስት መደርደሪያውን ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

"ማስረሻ፣ የነዚህን አፍ ማን ወሰደው?" አሉት።

"ሲሠሩም የላቸውም እማዬ። ፋሽኑ ነው።"

እትዬ በለጥሻቸው አማተቡ። ቀን ጋደም እንዳይሉ ደግሞ ቤቱ የምን አለሽ ተራ ጀርባ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ሰኞ ጠዋት የተጀመረ የበርሜል ቅጥቀጣ የሚቆመው ቅዳሜ ማታ ነው። "በዚህ መሃል እንቅልፍ እንዴት ይወስዳችኋል?" ሲሉት፣ ማስረሻ ኩራት በኩራት ሆኖ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጁን አሳያቸው። ሶሊ መጅሊሱ ላይ ተዘርግታ ለሽ ብላለች።

"ይቺን አየሻት? መዶሻው ራስጌዋ ላይ ቢወርድ አትነቃም። የምን አለሽ ተራ ልጅ ናት።"

ይህን ያልነገረው ጎረቤት፣ ያልነገረው ደንበኛ የለም። ሰሚውም ሁሉ ይስቅና "ጎበዝ" ይላል።

በአራተኛው ቀን እናቱ ሌላ ጥያቄ አመጡ።

"ይቺ ልጅ አፏን ፈትታ አልነበር? በስልክ ስታወራ ሰምቻት ነበር እኮ።"

"ፈትታ ነበር። 'አባ'፣ 'እንካ'፣ 'ውሃ' ትል ነበር። ኅዳር ላይ ብርቱ ትኩሳት ታመመችና ከተነሳች ወዲህ ተወችው። ልጅ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ይመለስላታል።"

"እነዚህስ ቤትህ የገቡት መቼ ነው?"

ማስረሻ ሊስቅ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ የገቡት ኅዳር ላይ ነበር። አፉን መልሶ ገጠመ።

"የራሳቸው የላቸውማ" አሉ እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከሰው ካልወሰዱ ከየት ያመጡታል?"

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ሁለት ቋንቋ እየተናገረ የሚነግደው ማስረሻ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶሮዋ ወንድም ሆነ። ልጁን በጎሪጥ ያያት ጀመር። ከኋላዋ ሲጠራት አትዞርም፤ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብላ ፊቶቹን ታያለች። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲያወራት ደግሞ ትንሿን መዳፏን ታመጣና አፉ ላይ ትለጥፋለች። ይህን ካመጣችው ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን ጨዋታ ይመስለው ነበር። ዝም በል ያለችው እየመሰለው፣ እጇ በደረሰ ቁጥር እሺ ብሎ ዝም ይልላታል። አሁን ግን እንደነሱ አፍ የለሽ እንዲሆንላት የፈለገች መሰለው።

አንድ ጠዋት አርባ አንዱንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወደ ሱቁ ሄደ። ለምሳ ሲመለስ ሦስቱ ዞረው በሩን ያያሉ። ማን እንዳዞራቸው አልጠየቀም፤ መልሱን ፈርቶታል። እንዳይጥላቸው ደግሞ፣ ከጣለ አምኗል ማለት ነው። ካመነ የልጁን አፍ ያዘጋው እሱ ራሱ ነው፣ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ተሸክሞ አስገብቶ። ምሳውን ትቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

እሑድ እሑድ መዶሻው ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ እንደ እሱ መጫወቻ የሚሰበስቡ ወዳጆቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ጨዋታ መሃል ማስረሻ እንደ ዋዛ አድርጎ የእናቱንና የዞሩትን የሦስቱን ነገር አነሳው።

"ካልተከፈተ ምንም አያመጣም" አለ ሁዛይፋ። ሽቶ የሚያከፋፍል ልጅ ነው፤ ካርቶኑ የተከፈተ አሻንጉሊት እሱ ዘንድ የሞተ ነው። "እንደታሸገ ተወው። አንድ ቀን ብርቅ ይሆናል።"

"አንተ የምትሰበስበው ካርቶን ነው" አለችው እምነት። ጸጉር ቤት አላት፤ የገዛችውን ሁሉ አውጥታ እንደገና ቀለም ትቀባዋለች። ዛሬም አንዱን ኳስ ተጫዋች ለሶሊ አምጥታላት፣ ልጅቷ መጅሊሱ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ ከእሱ ጋር ተቀምጣለች። "የሚያስፈሩህ ታሽገው ስለሚያፈጡብህ ነው። የጎደላቸው አፍ ከሆነ አምጣቸው፣ እስልላቸዋለሁ። ከፈለግክ የሚስቅ።"

አርባ አንድ የሚስቁ አፎች በዐይኑ መጡበትና የማስረሻ ቆሌ ተገፈፈ።

ጋሽ ባህረዲን ሁለቱንም ናቁ። እሳቸው የሚሰበስቡት ትናንሽ የብረት መኪና ነው፤ እዚህ የሚመጡት ወጣቶቹን ለመተቸት ብቻ ይመስላል። "እኔ አልወዳቸውም። ግን ሰይጣን የለባቸውም፣ ስንፍና ነው ያለባቸው። ፋብሪካው አንድ ጭንቅላት ሠርቶ ልብሱን እየቀያየረ ይሸጥላችኋል። የኔ መኪና በሯ ይከፈታል፤ የናንተ ምኑ ይከፈታል?"

"ሦስቱን ያዞርኳቸው እኔ ነኝ" አለች ፋናዬ ከጓዳ በር ላይ። "ልጅቷ ፊታቸውን ስታጣ አለቀሰችብኝ።"

ማስረሻ እፎይ ሊል ሲገባው ባሰበት። ለምንድን ነው የምታለቅስላቸው?

"ልጄ አትናገርም፣ ጋሼ" አለ። ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ በለጥሻቸው ይህን ሲሰሙ ከመኝታ ክፍሉ ወጡ። ጠበል የሞላ ሃይላንድ ይዘዋል። ማንንም ሳያዩ በስመ አብ ብለው መደርደሪያውን ከላይ ጀምረው ይረጩት ጀመር። ውሃው በላስቲክ መስኮቶቹ ላይ እየወረደ ካርቶኖቹን አራሰ።

"እማማ፣ ይበሰብሳል፣ እባክዎ" አለና ሁዛይፋ ዘሎ ተነሳ። በትከሻቸው ላይ ተንጠራርቶ የላይኛውን ካርቶን ሊያተርፍ ብረቱን ጨበጠ። የጭቃ ግድግዳ ይህን ያህል አይችልም። ምስማሮቹ አንድ ላይ ተነቀሉና መደርደሪያው አርባ አንዱንም ካርቶን፣ ሥሩ የነበረውን ብርጭቆ የተደረደረበትን የፋናዬን የብረት ትሪም ይዞ ሲሚንቶው ላይ ወረደ።

እምነት ጭንቅላቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ባህረዲን አላህን ጠሩ። ከአጥር ወዲያ ውሻ መጮህ ጀመረ፤ ቀጥቃጩ ጎረቤት "ምንድን ነው፣ ደህና ናችሁ?" ሲል ተጣራ። ማስረሻ ብረቱ ልጁ ላይ የወደቀ መስሎት ዞረ።

ሶሊ አልተነካችም። ከወደቀው ብረት ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ዳቦ ቆርሳ ኳስ ተጫዋቹን አፉ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ እያጎረሰችው ነበር። ትከሻዋ እንኳ አልተነቃነቀም። ዳቦው ሲወድቅባት አነሳችና እንደገና አጎረሰችው።

መጀመሪያ ያየው ማስረሻ ነው። ከዚያ ሁሉም አዩ። ሁዛይፋ እርጥብ ካርቶን አንስቶ ነበር፤ ሳያውቀው መልሶ መሬት ላይ አኖረው።

ማስረሻ ትሪውን ከስብርባሪው መሃል አነሳ። ከልጁ ኋላ ቆሞ በጡጫው መታው። ደገመ። ውሻው ይጮሃል፣ ትሪው ይጮሃል፣ ሶሊ ታጎርሳለች። ሦስተኛውን ለመምታት እጁ አልታዘዝ አለው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን ያውቃል፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ሲፈራ ነው የሰነበተው። መዶሻው ራስጌዋ ላይ ቢወርድ አትነቃም። ለስንቱ ነገረው? ስንቱስ ሳቀለት?

"አፏ አይደለም፣ ልጄ። ጆሮዋ ነው" አሉ እትዬ በለጥሻቸው። የያዙት ሃይላንድ ቀሚሳቸው ላይ ይፈስሳል። ፋናዬ የጓዳውን በር ይዛ ቁጭ አለች።

ማስረሻ ዞሮ ልጁ ፊት ተንበረከከ። እንዳያስደነግጣት ፈርቶ ቀስ ብሎ ነው። ቀና ብላ አየችውና ፈገግ አለች።

"ሶሊ" አላት።

እንደ ልማዷ መዳፏን አመጣችና አፉ ላይ ለጠፈችው። ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ማስረሻ እንደ ሁልጊዜው ዝም ሊልላት ነበር። ወራት ሙሉ እጇን በዘረጋች ቁጥር ዝም ብሎላታል።

"ሶሊ" አላት ደግሞ፣ ከእጇ ሥር፣ ድምፁ መዳፏ ላይ እየነዘረ። "ሶሊዬ።"

ልጅቷ ጣቶቿን ጫን አደረገች። ከዚያ ኳስ ተጫዋቹን ጣለችና ሁለተኛውንም እጇን ጨመረችበት።