አፍንጫ የሌለው መኪና

ደስታው በድንገት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ፊት ደፋ አለ። ከኋላ ሦስት መቶ ኩንታል ሩዝ የጫነው ተሳቢ አቃሰተ፤ ጎማዎቹም በእርጥቡ አስፋልት ላይ ጥቂት ተንሸራተው ቆሙ። በፊት መስታወቱ ታችኛ ጠርዝ፣ ከጉልበቱ ትይዩ፣ አንድ ነጭ ነገር አይቷል። ጋቢ የተከናነበ ራስ፤ ጀርባውን የሰጠ።

ከወረታ ከወጣ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የነሐሴ ጉም የፎገራን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ውጦታል። የርብ ወንዝ ሌሊቱን ሞልቶ ስለወጣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው የሩዝ ማሳ ሁሉ ውኃ ሆኗል፤ ውኃው የት ላይ አልቆ ጉሙ የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም። መንገዱ በባዶ ላይ የተዘረጋ ይመስላል።

ይህን መኪና ሲነዳ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳው ባለ አፍንጫውን ነበር። በዚያኛው ሞተሩ ከፊት ነው፤ ሹፌሩ ከረጅሙ ኮፈን ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ጉድጓድ ቢመጣ ቀድሞ የሚቀምሰው ጎማው ነው፤ ግጭት ቢመጣ ቀድሞ የሚቀበለው ብረቱ ነው። አዲሱ ግን አፍንጫ የለውም። ሹፌሩ ሞተሩ ላይ ጉብ እንዳለ ነው የሚሄደው። ሙቀቱ ባቱን ይጠብሰዋል፣ በየጉድጓዱ ሆዱ ይናጣል። ሞተሩን ለማየት ጋቢናው እንዳለ ወደ ፊት ሲደፋ ደግሞ ጫማው፣ የውኃ መያዣው፣ የቆሎ ከረጢቱ፣ ረስቶ የተወው ሁሉ መስታወቱ ላይ ይዘረገፋል። እርግጥ ነው፣ ባለ አፍንጫው ሦስቴ ወደ ኋላ እያለ በመከራ የሚገባበትን የወረታ የሩዝ ወፍጮ ግቢ ይህኛው ባንዴ ታጥፎ ይገባል። ቢሆንም ከሹፌሩ ፊት መስታወት ብቻ ነው ያለው።

አምና ባልንጀራው አንለይ እንዲህ ያለውን መኪና ሲነዳ መንገድ ላይ ከቆመ ተሳቢ ጋር ተጋጭቶ ሞቷል። ሬሳውን ከጋቢናው ካወጡት ሰዎች አንዱ ደስታው ነበር። ከወገቡ በታች ያየውን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

የሁለቱ መኪኖች ባለቤት እትዬ ማንጠግቦሽ አንዱን ሊሸጡ አስበው፣ የሚነዳው አንተ ነህና የቱ ይሸጥ ብለው ጠይቀውታል። መልሱን ዛሬ ይጠብቃሉ። ደስታው በልቡ ጨርሷል፤ የሚሸጠው አዲሱ ነው።

ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ወደ ፊት ዞሮ ሲመጣ ጋቢ የተከናነበችው ሴት እዚያው ነበረች። አስፋልቱ ላይ ተቀምጣለች። ከመኪናው ግንባር እስከ ጀርባዋ አንድ ክንድ አይሞላም። ያን የሚያህል ብረት ከኋላዋ ሲያቃስት ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ከእርሷ ወዲያ ጉሙ ሳሳ ሲልለት ሌሎችም እንዳሉ አየ። መንገዱን ሞልተው ከብቶች ተኝተዋል። በከብቶቹ መካከል ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጢጥ ብለዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረዋል። አንድም የሚናገር የለም። ሕፃን ያዘሉት ሴቶች እንኳ እሹሩሩ አይሉም።

ደስታው አማተበ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ በከብቶቹ መሐል እየተሽሎከለኩ መጡና ጆሮው ሥር ጠጋ ብለው «ሞተሩን አጥፋልን፣ ልጄ» አሉት።

አጠፋው። ከዚያ በኋላ የሆነው ጸጥታ ጆሮ ያማል።

ቄስ መንግሥቴ በሹክሹክታ ነገሩት። ውኃው ሌሊት መንደራቸው ገባ። ከብቱንም ሰዉንም ይዘው ወደ አስፋልቱ ወጡ፤ ከአስፋልቱ በቀር ደረቅ መሬት አልነበረም። ዓለምነው የተባለ ገበሬ የቀረ በሬውን ላምጣ ብሎ ተመልሶ ገባና አልወጣም። ሊነጋጋ ሲል ግን ድምፁን መስማት ጀመሩ። ሁለት ሰዎች በታንኳ ሁለት ጊዜ ገብተው ባዷቸውን ተመለሱ፤ በጉሙ ውስጥ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አልለይ አላቸው። አሁን አቅጣጫውን ለመለየት ሁሉም ዝም ብለው እያዳመጡ ነው። አስፋልቱ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ውዳሴ ናት።

ቄሱ ተናግረው ሳይጨርሱ ተሰማ። የሰው ድምፅ ነው፤ ረጅም፣ ቃል የሌለው፤ ከግራ በኩል። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተሰማ። አሁን ግን ከቀኝ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ደስታው ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣» አለ፣ «እኛ ዝም ካልን እሱ ምን ሰምቶ ይምጣ? ክላክስ ላሰማው?»

ቄሱ የመኪናው ጩኸት የሰውየውን ድምፅ እንዳይሸፍነው ሠግተው አመነቱ። ያን ጊዜ ውዳሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ፊቷን ግን አልመለሰችም።

«አጩኸው።»

ደስታው ወደ ጋቢናው ወጥቶ ክላክሱን ረጅም አድርጎ ሦስት ጊዜ አስጮኸ። ከብቶቹ ደንብረው ተነሡ። ቆም ብሎ አዳመጠ፤ ምንም የለም። እንደገና አስጮኸ። እንዲህ እያለ ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄደ ውኃው ከአስፋልቱ ሥር ተናወጠ። ከጉሙ ውስጥ ሁለት ቀንድ ወጣ፣ ከዚያ ጥቁር የበሬ ራስ። በሬው እየዋኘ መጥቶ የመንገዱን ተዳፋት ቧጥጦ ሲወጣ ጭራውን የጨበጠ ሰው ተከትሎት ተጎተተ።

ተሯሩጠው ደረቅ ጋቢ አለበሱት። ውዳሴ እጁን ከበሬው ጭራ ለማላቀቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረባት። ትንሽ ሲሞቀው ቄሱ፣ ከንጋት ጀምሮ ሲጣራ እየሰሙት ሊደርሱለት እንዳልቻሉ ነግረው ይቅርታ ጠየቁት።

ዓለምነው ግራ ተጋብቶ አያቸው።

«እኔ አልተጣራሁም» አለ። «ውኃው እስከ አገጬ ነበር፤ አፌንም አልከፈትሁ። የምትጣሩት እናንተ መስላችሁኝ ድምፁን ስከተል፣ ስከተል ነው ያደርሁ። በተከተልሁት ቁጥር ውኃው ይጠልቃል። ኋላ የመኪናውን ጩኸት ስሰማ ነው በሬውን ወዲህ ያዞርሁት።»

ያን ጊዜ ድምፁ ከወዲያ፣ ከሩቅ፣ እንደገና ተሰማ።

ቄስ መንግሥቴ ተነሥተው ሰዉን ቆጠሩ። በታንኳ ከገቡትም፣ ከየቤቱም የጎደለ የለም። ደግመው ቆጠሩ። የጎደለ የለም። ደስታው ክላክሱን ብዙ ጊዜ አስጮኸ፤ ከውኃው ግን ማንም አልመጣም።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከብቱን ወደ ዳር ገፍተው መንገድ ከፈቱለት። ደስታው ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ውዳሴ ተቀምጣበት ወደነበረው ቦታ ቁልቁል ተመለከተ። የአስፋልቱ ስንጥቅ ሳይቀር ይታየዋል። በባለ አፍንጫው ቢሆን ኖሮ ያ ቦታ ከኮፈኑ ሥር ነው፤ አይታይም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሜዳ ስንቱን ጉም አቋርጧል። አንዳንድ ጠዋት ጎማው አንድ ነገር ላይ ወጥቶ ሲወርድ ድንጋይ ነው፣ ውሻ ነው ብሎ አልፏል። ወርዶ ያየበት ቀን ነበር፤ ያላየበት ይበዛል።

ስልኩን አወጣና እትዬ ማንጠግቦሽ ዘንድ ደወለ።

«ባለ አፍንጫውን ይሽጡት» አላቸው።

ከአንለይ ቀብር ከእትዬ ማንጠግቦሽ ጋር አብረው ነበር የተመለሱት።

«በአዲሱ ለራስህ አትፈራም እንዴ፣ ደስታው?»

«እፈራለሁ እንጂ» አለና ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ታችኛ ጠርዝ ሳይነቅል፣ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።