የኔታ በእግራቸው ሞጣ ገቡ

መሪጌታ አካለ ወልድ ቢቸና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ከመቀመጫቸው የሚነሡት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለማዕድና ለመኝታ ብቻ ነበር። ተማሪው ያሰበውን ቅኔ ይዞ ከሚቀመጡበት ወይራ ሥር ይመጣል፣ ይነግራል፤ እሳቸው ተቀምጠው ያርማሉ። የአገሩ ሰው ደግሞ የሚያከብራቸው በማብላት ነው። ንብ ያለው ማር ይልካል፤ ተዝካር የደገሰ ከማንም አስቀድሞ የሚያስቀምጠው እሳቸውን ነው።

አምና ውኃ ጥም ያዛቸው። አንድ ጆግ ጠጥተው ሌላ ይጠይቃሉ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ጋቢው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። አንድ ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም እግራቸውን ሲያጥቡ ከውስጥ እግራቸው የተሰካ እሾህ አገኙ።

«ይኼ እሾህ መቼ ወጋዎት?»

«የቱ እሾህ?» አሉ የኔታ።

ባንቺዓለም እሾሁን ነቅለው ቁስሉን አጠቡ። በማግሥቱ ጠዋት እጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ስኳር ነው ተባሉ። ሲለኩ ከሁለት መቶ ሰማንያ በላይ ሆነ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ከሐረር ተመድባ የመጣችው ነርስ ሲስተር ሉሊት ደግሞ ለስኳር ሕሙማን በተጀመረው የአሥራ ሁለት ሳምንት ፕሮግራም መዘገበቻቸው።

«ምን ምን ይሠራበታል?» አሉ የኔታ።

«በሳምንት አምስት ቀን በእግር እንሄዳለን፤ ሐሙስ ሐሙስ ስለ ምግብ እንማራለን።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ በአደባባይ ልሩጥ?»

«ሩጫ የለበትም የኔታ። ዝም ብሎ መሄድ ነው። ጫማ ግን ያስፈልግዎታል፤ ሰፋ ያለ፣ እግር የማይልጥ።»

ባንቺዓለም ገበያ ወጥተው ነጭ ስፖርት ጫማ ገዙ። የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ያንን ጫማ ተጫምተው ከቤት ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በጓሮ መንገድ ሄዱ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ያስቸገረው የተማሪዎቹ ነገር ነበር። መምህሩ መንገድ ላይ ሲውሉ ቅኔያቸውን ማን ይስማ? በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ደፋር ተከትሏቸው እየሄደ ነገራቸው። የኔታ ሳይቆሙ አረሙት። በማግሥቱ ሦስት ሆነው መጡ፤ ከዚያ ሁሉም መጡ። ቅኔው ያማረለት ቶሎ ይሰናበታል፤ የተበላሸበት እስኪቃና ድረስ አብሯቸው ይሄዳል። ሰነፍ ተማሪ የያዙ ቀን የኔታ ከከተማው ወጥተው እርሻ መሐል ይገኛሉ። ሲስተር ሉሊት ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ምግቡ ከመንገዱ ይልቅ ከበዳቸው። ሻይ ያለ ስኳር መድኃኒት መድኃኒት አላቸው። እንጀራው ተቀንሶ ጎመኑ ሲበዛ ባንቺዓለምን ተቆጡ፤ ባንቺዓለም ግን ቁጣውን እንዳልሰሙ አለፉት። ተዝካር ቤት ደግሞ «ጠላ አልጠጣም፣ ብዙም አልበላም» ቢሉ ባለድግሱ ተቀየማቸው። «እኔን ያከበርክ እንደሆነ የእኔን ድርሻ ለተማሪዎቼ ስጥልኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ስለ ፕሮግራሙ ክፉ ሲነገር አይወዱም።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ስኳራቸው መቶ ሃያ ስድስት ሆነ። እግራቸው የድሮውን ያህል አይሰማቸውም፤ ስለዚህ ባንቺዓለም በየቀኑ ጣታቸውን ሳይቀር እየገለጡ ያዩላቸዋል። ጉልበታቸው ግን ተመልሷል።

በዚያው ሰሞን ከሞጣ ስልክ ተደወለ። የታናሽ እህታቸው የይርጋነሽ ልጅ ስርጉት ናት።

«አጎቴ፣ እማዬ ስኳር ነው ከተባለች ወዲህ ቤት ዘግታ ተኛች። ኪኒኑን አልውጥም ብላለች። ለቀብሬ ብላ ነጠላ አጥባ አስቀምጣለች!»

በሞጣም ፕሮግራሙ ሊጀመር ስለነበር፣ የቢቸናዎቹ መጥተው ልምዳቸውን እንዲነግሩ ተጠርተው ነበር። የኔታ «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አደራ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሲስተር ሉሊትና ከፕሮግራሙ ሕሙማን ጋር አሥራ አራት ሆነው በሚኒባስ ተነሡ። ሞጣ ለመድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አለ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። የኔታ ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«በእግራችን ሁለት ሰዓት አይፈጅብንም» አሉ።

ሲስተር ሉሊት ግን ማንንም ዝም ብላ አልለቀቀችም። የሁሉንም ስኳር ለካች፣ ዳቦ አካፈለች፣ ከረሜላ በየኪሳቸው ከተተች። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ጫማ አስወልቃ እግራቸውን አየች። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ዘፈን አወጡ፤ ወንዶቹ ተቀበሉ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች «ሙሽራዋ የታለች?» እያሉ ጠየቋቸው።

ስርጉት አጎቷ በእግር እየመጡ መሆኑን በስልክ ሰምታ ለእናቷ ነገረች። ይርጋነሽ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ምን አልሽ?»

«አጎቴ በእግራቸው እየመጡ ነው።»

«ያ አምና በምርኩዝ የቆመው ወንድሜ? ከቢቸና በእግሩ?»

ስርጉት መኪና መበላሸቱን ልታስረዳ ስትል እናቷ ነጠላቸውን ስበው ወጥተዋል። ከተማው ዳር ሲደርሱ የኔታን ከሰዎቹ ሁሉ ፊት ፊት ሲራመዱ አዩ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

«ወንድምጋሼ! እውነት ከቢቸና በእግርዎ መጡ?»

የኔታ «አዎ» ማለት እንዳማራቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ከሰባት ኪሎ ሜትር ነው፣ ይርጌ» አሉ በመጨረሻ። «የቀረውን በመኪና ነው።»

«እኔ ከአልጋ ወደ በር እንኳ ፈራሁ እኮ!» አሉ ይርጋነሽ።

«እኔም ፈርቼ ነበር። ኪኒንሽን እየዋጥሽ ነው?»

ይርጋነሽ መሬት መሬት አዩ። የኔታ አልተቆጧቸውም፤ እጃቸውን ያዙና «በይ ነይ፣ አብረን እንሂድ» አሏቸው። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ሆነው፣ ሌሎቹ እየዘፈኑ ተከትለው፣ ስብሰባው ቦታ ደረሱ።

እዚያ ሲስተር ሉሊት «ማን ይመዝገብ?» ብላ ጠየቀች። የሞጣ ሰው እንደማፈር አለና አንዱ ሌላውን ጠበቀ። ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ይርጋነሽ ብለሽ ጻፊኝ። ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»

ስርጉት መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ከዚያ አጎቷን አየች፤ ከዚያም አዳራሹን የሚያናጋ እልልታ አቀለጠችው። ሰው እየሳቀ ወንበሩን ትቶ ተነሣና ለመመዝገብ ተሰለፈ።